የአምስት አምፔር ስድስተኛው ዘፈን

መጀመሪያ ይሄን ልንገራችሁና እንገላገል፤ ሙንዚር የሄደ ቀን አላለቀስኩም። በማግስቱም አላለቀስኩም። ሰው ሁሉ ፊቴን እያየ "አሁን ፈነዳች፣ አሁን ፈነዳች" ሲል ከረመ። ምንም አልመጣም። ጥርስ ሊነቀልላችሁ ድዳችሁ ሲደነዝዝ ታውቁት የለ? ከንፈራችሁን ብትነክሱት የሌላ ሰው ከንፈር ነው የሚመስላችሁ። እኔ አሥራ ሦስት ወር እንደዚያ ሆኜ ነው የኖርኩት። በላሁ፣ ተኛሁ፣ ሥራ ገባሁ። አባቴ ባል ሲያመጣልኝም "እሺ" አልኩ።

አርፒ እባላለሁ። ቤይሩት፣ ቡርጅ ሐሙድ ሰፈር ውስጥ፣ ከአባቴ የጫማ ፋብሪካ ሥር ባለው ምድር ቤት ድምፅ እቀርጻለሁ። ምድር ቤቱን የተከራየችው ሎሪስ ናት። ስልሳ ሁለት ዓመቷ ነው፤ "አንቱ" ያላትን ሰው ግን ታባርራለች። ድሮ ሬዲዮ ላይ ዜና ታነብ ነበር። አንድ ቀን "ዜና በቃኝ" ብላ ወጣችና ትልልቆቹ አሳታሚዎች ደጃቸውን የዘጉባቸውን የሮክ ልጆች እየሰበሰበች ሸክላ ማሳተም ጀመረች። የድርጅቷን ስም "ጎረቤት" አለችው። የመጀመሪያውን ዘፈን ሳሎኗ ውስጥ ስታስቀርጽ ከላይ ያለችው ጎረቤቷ ተናዳ ወለሉን በመጥረጊያ እንጨት ስትደበድብ፣ ድብደባው ከከበሮው ጋር ገጥሞ እዚያው ሸክላው ላይ ቀርቷል። ሎሪስ ሴትዮዋን ሸክላው ሽፋን ላይ በስሟ አመስግናታለች።

የኛ ቤት አሠራር እንደሌላው አይደለም። ከላይ የባባ ማሽኖች ቀኑን ሙሉ ሶል ሲደበድቡ ይውላሉ። ስለዚህ የምንቀርጸው በምሳ ሰዓት ብቻ ነው፤ ሠራተኞቹ ማሽን አጥፍተው ሲበሉ፣ ከስድስት ሰዓት እስከ ሰባት። በዚያች አንዲት ሰዓት ስንቱ ይሰለፍ መሰላችሁ! ከባልቤክ የሚመጡ ሦስት ወንድማማቾች አሉ፤ እርስ በርስ ሳይሰዳደቡ መጫወት አይችሉም። ነርሶች የሆኑ ሴቶች አሉ፤ ከነጋዋናቸው መጥተው ጮኸው ይመለሳሉ። ሁሉም ምሳቸውን የሚበሉት ደረጃው ላይ ነው። ደግሞ አንድ የሎሪስ ሕግ አለ፤ ዘፈኑ ቢያልቅም ቴፑ አይቆምም። የመጨረሻው ክር ድምፁ እስኪሞት፣ ሰው እስኪያስል ድረስ ይዞራል። "ዘፈን ካለቀ በኋላ ነው የሚያምረው" ትላለች።

ሙንዚር የ"አምስት አምፔር" ባንድ ዘፋኝና ጊታር ተጫዋች ነው። ስሙ ከየት እንደመጣ ለቤይሩት ሰው አይነገርም፤ የመንግሥት መብራት ሲጠፋ የሰፈሩ ጄኔሬተር ለአንድ ቤት የሚቆርስለት አምስት አምፔር ነው። ፍሪጅ ካበራችሁ ካውያ የለም። ሙንዚር "የኛም ሙዚቃ እንደዚያው ነው፤ ባለችው መጮህ ነው" ይል ነበር። የሰሜኗ የትሪፖሊ ሰው ነው፣ ሚና የሚባለው የወደብ ሰፈር ልጅ። አባቱ የጀልባ አናጢ ናቸው። እሱ እስላም፣ እኔ አርመን። ባባ ደግሞ አርመን ያልሆነውን ሁሉ የሚጠራበት አንድ ቃል አለው፤ "ኦዳር"። ባዕድ ማለት ነው። ክፉ ቃል አይደለም፤ ግን በር ይዘጋል።

ሁለት ዓመት የተዋደድነው በመስታወት ነው። እኔ ከመስታወቱ ወዲህ ከማሽኖቼ ጋር፣ እሱ ወዲያ ማይኩ ፊት። ጓደኞቹ ስላሉ አንነጋገርም፤ እንተያያለን። ሳቄ ሲናፍቀው ሆን ብሎ ይሳሳትና "አርፒ፣ ይቅርታ፣ ትደግሚልኝ?" ይለኛል። አንዷን ዘፈን አሥራ ስምንት ጊዜ አስደግሞኛል። ብቻችንን ስንሆን ግን ወሬው አንድ ነበር።

"ለአባትሽ ንገሪው።"

"ቆይ፣ ፋሲካ ይለፍ።"

"ፋሲካ አለፈ እኮ።"

"ቆይ፣ የእህቴ ልጅ ክርስትና ይነሣ።"

"አርፒ፣ ልጁ ክርስትና ተነሥቶ፣ አድጎ፣ አግብቶ ይወልዳል።"

እስቅ ነበር። አሁን ሳስበው እሱ አይስቅም ነበር።

ያን የሰኔ ቀን ስድስተኛዋን ዘፈን እየቀረጽን ነበር፤ የመጨረሻዋን። ሌሎቹ ድርሻቸውን ጨርሰው ወጥተዋል፤ ሙንዚር ብቻውን ዘፈነ። ሲጨርስ ጊታሩን አቅፎ ቆመ። ቴፑ ይዞራል። ይሄኔ ከኋላዬ በሩ ተከፈተ። ባባ! እዚያ ምድር ቤት ወርዶ የማያውቀው ሰውዬ ትኩስ ላህማጁን፣ ሥጋ የተቀባ ቂጣ፣ በሳህን ይዞ በሩ ጥግ ቆሟል። ከሙንዚር በኩል ያ ጥግ አይታይም። ቀና ስል የሙንዚር ከንፈር ሊከፈት ነው። ብቻችንን ስንሆን በማይኩ "የኔ ጨረቃ" ነው የሚለኝ። እጄ እኔን ሳይጠይቅ ሄዶ በኔ በኩል ካለው ድምፅ ማጉያ የሚወጣውን የሱን ድምፅ ዜሮ ላይ አደረገው። ራሴን ነቀነቅኩለት፤ አሁን አይሆንም፣ ዝም በል ለማለት። ከዚያ ዞሬ ከባባ ሳህኑን ተቀበልኩ።

"ብሉ" አለ ባባ፤ "ጩኸት ያስርባል።"

እሱ ወጥቶ ስመለስ ሙንዚር ማዳመጫውን አውልቆ ጊታሩን ሳጥን ውስጥ እያስገባ ነው። አየኝና ፈገግ አለ። ለታመመ ሰው የሚፈገግ ዓይነት ነበር። "ምን ሆንክ?" ለማለት እንኳ ፋታ ሳይሰጠኝ በደረጃው ወጣ።

በሦስተኛው ቀን ወንድሙ ወዳለበት ስዊድን ሄዷል። ሎሪስ እጄ ላይ አንዲት ወረቀት አኖረች። "አርፒ፣ መልስሽን ተቀብያለሁ። አልቀየምሽም። ድምፄ እጅሽ ላይ ነው፤ እንደፈለግሽ አድርጊው። ሙንዚር።"

መልሴን! የኔ መልስ "ቆይ" ነበር። መጠበቅ ሰለቸው አልኩ። ይሄው ነው የወንድ ፍቅር፤ ቆይ ሲሉት አይሮፕላን ይሳፈራል። ወረቀቱን አጥፌ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩ። የዚያን ዕለት በምሳ ሰዓት የባልቤኮቹን ወንድማማቾች ቀረጽኩ። እንደተለመደው ተሰዳደቡ፣ እኔም እንደተለመደው ቁልፍ ጫንኩ፤ ምንም ነገር አልተሰማኝም።

*

የባባ ምርጫ ቪኬን ይባላል፤ አንቴልያስ ከተማ ክሊኒክ ያለው ጥርስ ሐኪም። አትሳቁ። እኔም ስሰማ አልሳቅኩም።

የፊታችን እሁድ ቤተሰቦቹ መጥተው ቃል ይታሰራል ተባለ። በኛ ዘንድ ቃል ከታሰረ ቀለበት ትርፍ ነገር ነው። ቃል ያፈረሰች ልጅ አባት ቤተክርስቲያን ደጃፍ ቀና ብሎ አይሄድም። ስለዚህ እስከ እሁድ የራሴ ነኝ፤ ከእሁድ በኋላ የቪኬን ነኝ። ይሄን ሳስበው የሌላ ሰው ወሬ ነው የሚመስለኝ።

ረቡዕ ቪኬን ከሥራ መልስ መጣና ፋብሪካው በር ላይ ቆመን አወራን። መልካም ሰው ነው። የሚጠላ ቢሆን ይቀለኝ ነበር።

"አርፒ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ?"

"ጠይቀኝ።"

"ትወጂኛለሽ አልልሽም፤ ገና ነው። ግን... ስመጣ ደስ ይልሻል?"

አሰብኩ። በሐቀኝነት አሰብኩ።

"አይከፋኝም።"

ሳቅ አለ፤ ዓይኖቹ ግን አልሳቁም። "በሽተኞቼም እንደዚያ ነው የሚሉኝ" አለ። መኪናው ውስጥ ከገባ በኋላ እጁን መሪው ላይ አድርጎ ጥቂት ቆየ። አንጀቴን እንዲበላው ጠበቅኩ። አንጀቴም እንደሌላው ሰውነቴ ዝም ብሎ ቆመ።

*

ሐሙስ ጠዋት ሎሪስ ያልተለኮሰ ሲጋራ ጥርሷ ውስጥ ነክሳ መጣች። ማጨስ ካቆመች አሥር ዓመቷ ነው፤ መንከሱን ግን አልተወችም።

"ሸክላ ማተሚያው ተራ ሰጥቶናል" አለች። "ነገ ካልላክን ተራችን ለሌላ ይሄዳል። የሙንዚርን ጨርሺ።"

"አምስቱ አልቀዋል።"

"ስድስተኛዋስ?"

"ስድስተኛዋን አልነካኋትም።"

"አሥራ ሦስት ወር ሙሉ?"

"ጊዜ አላገኘሁም።"

"አንቺ ውሸታም" አለች፤ ግንባሬን ሳመችኝና ሄደች።

ከላይ ማሽኖቹ ይደበድባሉ፤ ማዳመጫ አድርጌ ቴፑን ለቀቅኩት። የሙንዚር ድምፅ ጆሮዬ ውስጥ ገባ። ዘፈኑ እንዲህ የሚል ነው፤ መብራት ሲጠፋ መንደሩ ሁሉ የሚያውቀው የጎረቤቱን ሳል ነው። ሰማሁት። ሥራ ነው ብዬ ሰማሁት። እዚህ ጋ ትንፋሹን ልቀንስ፣ እዚህ ጋ ጊታሩን ላንሣ እያልኩ ማስታወሻ ያዝኩ። ዘፈኑ አለቀ። የመጨረሻው ክር ቀስ እያለ ሞተ። ጭራውን ቆርጬ ልጥል መቁረጫውን አነሣሁ።

ይሄኔ ተናገረ።

"አርፒ። አፍሽን እንዳትከፍቺ። አፍሽ ሁልጊዜ 'ቆይ' ነው የሚለው፤ አላምነውም። አርብ ጠዋት ወደ ላርናካ ሁለት ቲኬት ይዣለሁ። ቆጵሮስ ሄደን እንጋባ፤ እዚያ ማንም ሃይማኖታችንን አይጠይቀንም። ስንመለስ አባትሽ እግር ላይ እወድቃለሁ፤ ከፈለገ በጫማ ይምታኝ። ካልሆነ ግን ወንድሜ ጋ እሄዳለሁ፣ አልቻልኩም። ቃል አልፈልግም። በራስሽ ንቅናቄ ብቻ ንገሪኝ። አዎ ነው ወይስ አይደለም?"

ከዚያ ዝምታ። እስከ አራት መቁጠር ይቻላል። ያቺ አራት ቆጠራ እኔ ከመስታወቱ ወዲህ፣ ድምፁን ዘግቼ፣ ራሴን የነቀነቅኩባት ናት።

"እሺ" አለ ቴፑ ላይ። "ገባኝ።" የጊታሩ ገመድ ሲነቀል ቋ አለ።

መልሼ ሰማሁት። መልሼ ሰማሁት። ስንት ጊዜ እንደሆነ አላውቅም። ከዚያ ተነሥቼ መንገድ ወጣሁና ዛዕታር ቅመም የተነሰነሰበት መናኢሽ የሚሉትን ዳቦ ገዝቼ ቆሜ በላሁ። ባለ ምድጃው "ደህና ነሽ?" አለኝ። "ደህና ነኝ" አልኩት፤ እውነቴን ነበር። ይሄ ነው ያስፈራኝ። ሕይወቴ በአንዲት ቁልፍ ምክንያት እንደተበላሸ አውቄ፣ የምበላው ዳቦ ጨው አንሶታል እያልኩ ነበር።

ስመለስ ሎሪስ ወንበሬ ላይ ተቀምጣ ማዳመጫውን አድርጋለች። ሲጋራው ከአፏ ወድቋል።

"ወይኔ ልጄ" አለች። "ወይኔ! ይሄን አልሰማሽውም ነበር?"

"አባቴ ገብቶ ነበር። ድምፁን ዘጋሁት።"

"ራስሽንስ?"

"ነቀነቅኩ።"

ሎሪስ ግንባሯን በመዳፏ መታች። "እኔኮ ነገሩን ከሥር ሳላጣራ... ልጁ ስልክ ሲደውል 'እንዴት ናት?' ብሎ ይጠይቅና ዝም ይላል። እኔ ደግሞ ተጣልተው ነው ብዬ! ደውዪለት።"

"ምን ብዬ?"

"አልሰማሁም ብለሽ!"

"አሁን ምን ይለውጣል? እሁድ ቃል ይታሰራል።"

"አንቺ ልጅ፣ በሞቴ፣ ትንሽ እንኳ አያምሽም?"

"አያመኝም፣ ሎሪስ። ችግሩ እሱ ነው።"

እሷ ራሷ ደወለችና ስልኩን ጆሮዬ ላይ ለጠፈችው።

*

መጀመሪያ የሰማሁት የመጋዝ ድምፅ ነው። ጀልባ የሚጠገንበት ቤት እንደሚሠራ ሎሪስ ነግራኛለች።

"ሃሎ፣ ሎሪስ?"

"አርፒ ነኝ።"

መጋዙ ቆመ።

"ማን ሞተ?" አለ።

"ማንም አልሞተም።"

"ታዲያ?"

"ስድስተኛዋን እየሰማሁ ነበር። ሙንዚር፣ ያን ቀን አልሰማሁህም።"

"ምን ማለት ነው አልሰማሁህም? ማይኩ ክፍት ነው፣ ቀዩ መብራት በርቷል። ዓይን ለዓይን እየተያየን ራስሽን ነቀነቅሽ።"

"ዝም በል ማለቴ ነበር። አባቴ ገብቶ ነበር፣ በሩ ጥግ፤ ካንተ በኩል አይታይም። ድምፅህን ዘግቼው ነበር። ያልከውን የሰማሁት ዛሬ ነው። ዛሬ ጠዋት።"

 ከሱ ወዲያ ሰዎች በማላውቀው ቋንቋ ይሳሳቃሉ።

"አሥራ ሦስት ወር" አለ በመጨረሻ። "እዚህ እንጨት እየላግኩ፣ ራሷን ነቀነቀች፣ ራሷን ነቀነቀች እያልኩ... ቲኬቶቹን ባሕር ውስጥ ነው የጣልኳቸው፣ ታውቂያለሽ? እንደ ሲኒማ። ሞኝ!"

ያኔ አንድ ነገር ከሆዴ ተነሣ። ምን እንደሆነ አላወቅኩትም፤ ከረጅም ጊዜ በኋላ ስለመጣ ፊቱን ረስቼዋለሁ። ንዴት ነበር።

"ለምን አልደገምከውም?"

"ምኑን?"

"ጥያቄውን! በሩ አጠገብህ ነበር፣ ሦስት እርምጃ! ሰው ሚስት ሊያገባ በማይክ ነው የሚጠይቀው? ከፍተህ አትመጣም? እጄን አትይዝም? ለአንድ ዘፈን አሥራ ስምንት ጊዜ ትደግማለህ፣ ለኔ አንዴ ብቻ? አንዴ ጠይቀህ ስዊድን? ስዊድን!"

እጮህ ነበር። ሎሪስ ሁለት እጇን አፏ ላይ አድርጋ ታየኛለች። ሙንዚር እስክጨርስ ጠበቀኝ።

"ልክ ነሽ" አለ። ድምፁ ሻክሯል። "ልክ ነሽ። ኮራሁ። ደግሜ ጠይቄ ደግመሽ ብትነቀንቂውስ ብዬ ፈራሁ። አሁን እኔም አንድ ልጠይቅሽ። ድምፄን ለምን ዘጋሽው?"

"ነገርኩህ እኮ፤ አባቴ..."

"አባትሽ ገባ፣ እሺ። እኔ ሥራዬ ላይ ነኝ፤ ዘፋኝ ማይክ ፊት ቢናገር ምን አለበት? ለምን ዘጋሽው?"

"ፈራሁ።"

"አባትሽን?"

ፍርሃት ብቻ ነው ብል ያልፍ ነበር። እሱም ያምነኝ ነበር። ሎሪስ ዓይኗን ከኔ ላይ አላነሣችም።

"አፈርኩ" አልኩ።

"በምን?"

"ባንተ።"

ተናገርኩት። ፊቴ እሳት ሆነ፤ ጆሮዬ፣ አንገቴ፣ ደረቴ ሁሉ ነደደ። እፍረት እንዲህ እንደሚያቃጥል ረስቼው ነበር።

"የአናጢ ልጅ ስለሆንኩ ነው? ወይስ አርመን ስላልሆንኩ?" አለ ቀስ ብሎ።

"በሁሉም። እንጃ። በጫማህ፣ በአነጋገርህ፣ በስምህ... አባቴ ሲሰማህ ምን ያስብ ይሆን ብዬ። አንተን ወድጄ ባንተ አፈርኩ፣ ሙንዚር። ይሄው።"

ስልኩን የዘጋው መስሎኝ ነበር።

"እሁድ ቃል ሊታሰር ነው አሉ" አለ።

ሎሪስ ወደ ጣሪያው አየች።

"አዎ።"

"እኔ እዚያው ነኝ፣ አርፒ። ያቺው 'አዎ ነው ወይስ አይደለም' ላይ ቆሜያለሁ። የትም አልሄድኩም። ግን ድምፄ ተዘግቶ ዳግመኛ አልጠይቅሽም። ስሜን አባትሽ ፊት ጥሪው። አፍሽን ሞልተሽ፣ ሰው እየሰማ። ከዚያ ደውዪልኝ። ካልደወልሽ ሸክላውን ላኪውና ይቅር እንባባል።"

ስልኩን ሲዘጋ ደረቴ ላይ አንድ የቆየ ነገር ይንቀሳቀስ ጀመር፤ በጣም ያማል። እዚያው ቆሜ አመመኝ።

*

ስወጣ ሰዓቱ አምስት ከሩብ ነው፤ ማሽኖቹ ቤቱን ያናውጡታል። ባባ ጠረጴዛው ላይ ጎንበስ ብሎ ቆዳ ይቆርጣል። አጠገቡ ቆሜ "ባባ" አልኩ። አልሰማም። "ባባ!" ቀና አለና ፊቴን አየ።

ባባ ከምሳ ሰዓት በፊት ማሽን አስቁሞ አያውቅም፤ ለሰውም፣ ለበዓልም፣ ለመሬት መንቀጥቀጥም። እጁን ወደ ላይ አነሣ። አንድ በአንድ ጠፉ። አሥራ አራት ሠራተኞች ዞረው አዩን።

"ባባ፣ እሁድ ቃሌን አትሰር።"

"ቪኬን ምን አደረገሽ?"

"ምንም። ጥሩ ሰው ነው። ሙንዚር የሚባል ልጅ አለ።" ደገምኩት። "ሙንዚር። የሚና ልጅ ነው፤ አባቱ ጀልባ ይሠራሉ። ዘፋኝ ነው። አርመን አይደለም። አሁን ስዊድን ነው። እወደዋለሁ። ያኔ ላህማጁን ይዘህ የወረድክ ቀን እንዳትሰማው ብዬ ድምፁን ዘጋሁት። አፍሬበት ነው። እሱ ደግሞ አግቢኝ እያለኝ ነበር።"

ባባ ቢላዋውን አስቀመጠ። ጣቶቹ ላይ የደረቀውን ማስቲሽ መላጥ ጀመረ።

"እጅሽን አይቻለሁ" አለ።

"ምን?"

"ያን ቀን። እጅሽ ስትሮጥ አይቻለሁ። አርባ ዓመት የሰው እጅ እያየሁ ነው የኖርኩት፤ ሠራተኛ ሲዋሸኝ በእጁ ነው የማውቀው። ለምን እንደወረድኩ ታውቂያለሽ? ደረጃውን ስትወጪ ታንጎራጉሪ ነበር። እናትሽ ከሞተች ጀምሮ በዚህ ቤት ያንጎራጎረ ሰው የለም። ማን ነው ልጄን እንዲህ ያስደሰታት፣ ልየው ብዬ ነው የወረድኩት። አንቺ ግን ደበቅሽብኝ። ከዚያም ዝም አልሽ።"

"ታዲያ አሥራ ሦስት ወር ሙሉ ለምን ዝም አልከኝ?"

"አንቺስ?"

"እምቢ ትለኛለህ ብዬ ነዋ!"

"እል ነበር!" ጠረጴዛውን መታ። "አሁንም እላለሁ! ኦዳር ነው፣ ዘፋኝ ነው፣ አገር ጥሎ የሄደ ነው፤ እንዴት እምቢ አልልም? ግን እምቢታው የኔ ነበር፣ ሆኪስ፣ ነፍሴ፤ አንቺ ምን ቤት ነሽና ቀድመሽኝ ለራስሽ እምቢ አልሽ? አባት እምቢ ይላል። ልጅ ታለቅሳለች። አክስት ታኮርፋለች። ሰውየው ተመልሶ ይመጣል፤ ይባረራል፤ ተመልሶ ይመጣል። ሰው የሚጋባው እንዲህ ነው! እናትሽን ስጠይቅ አባቷ አራት ጊዜ አባርሮኛል፤ አንዴማ በውሻ ነው። በዝምታ ያገባ ማን አለ?"

ከሠራተኞቹ አንዱ "እውነታቸውን ነው" አለ። ባባ ሲገላምጠው ቆዳው ውስጥ ተደበቀ።

"የቪኬን እናት ቤተክርስቲያን ደጅ ፊቷን ታዞርብኛለች" አለ ባባ ዝቅ ብሎ።

"አውቃለሁ።"

"ታዙር። ልጇ ግን ከኔ አይሰማም፤ አንቺ ነሽ የምትነግሪው።"

"ዛሬ ከሰዓት ክሊኒኩ ድረስ እሄዳለሁ።"

"ጥሩ። አሁን ደውዪ።"

ደወልኩ። አንዴ ሳይጠራ ተነሣ። አፌን ሳልከፍት ባባ ስልኩን ነጠቀኝ። አረብኛው ከልጅነቱ ጀምሮ አልሰምር ብሎታል፤ ሲናገር ለሱ ሁሉም ሰው ሴት ነው። ደግሞ ስዊድን ሩቅ ስለሆነ ጮኸ።

"አንቺ! የጀልባ ሠሪው ልጅ! ሃጎፕ ነኝ፣ የአርፒ አባት! መልሴ እምቢ ነው!"

ከስልኩ የሙንዚር ድምፅ ተሰማ። "...ገባኝ፣ አቶ ሃጎፕ።"

"ምኑ ነው የገባሽ? ምንም አልገባሽም! እምቢታ በስልክ አይሰጥም፣ ነውር ነው። አባትሽን ይዘሽ ቤቴ ትመጫለሽ። ትቀመጫለሽ፣ ትበያለሽ። ከዚያ ፊት ለፊት እያየሁሽ እምቢ እልሻለሁ። ሰማሽ?"

ፋብሪካው በሙሉ ሳቀ። ባባ ስልኩን መለሰልኝና ቢላዋውን አነሣ።

"አርፒ" አለ ሙንዚር። እያለቀሰ ነው፣ እየሳቀም ነው። "ስንት ጊዜ ነው እምቢ የሚሉኝ? ጠይቂልኝ።"

ጠየቅኩት። ባባ ቀና አላለም።

"ለእናቷ አራት ነበር" አለ። "ለሷ ሰባት።"

"ሰባት ጊዜ ነው የሚልህ" አልኩት።

"ሰባቱንም እመጣለሁ" አለ ሙንዚር።

ቆዳው ክምር ላይ ተቀመጥኩ። ፈራሁ፣ ደስ አለኝ፣ አፈርኩ፣ ናፈቀኝ፤ ሁሉም በአንድ በር ሲጋፉ ገቡብኝ። የትኛውን ልያዝ? ባባ አጎንብሶ ትከሻዬ ላይ ማስቲሽ የነካውን እጁን አኖረና ለሠራተኞቹ ማሽኖቹን እንዲቀሰቅሱ በጭንቅላቱ ምልክት ሰጠ። በዚያ ሁሉ ጫጫታ መካከል ስልኩን ጆሮዬ ላይ ተጭኜ ቆየሁ። ሙንዚር አንድ ነገር እያለኝ ነበር፤ እኔም ደግመህ በለው፣ አልሰማሁህም፣ ደግመህ በለው እያልኩ አስደገምኩት።